ስታቲን ቫይታሚን ዲን ያወርዳል? ልንጠነቀቅለት የሚገባው የቱ መድኃኒት ነው

ስታቲን የሚባለውን ኮሌስትሮል የሚቀንስ ኪኒን የጀመረ ሰው ከወራት በኋላ ቫይታሚን ዲ ተለክቶ ቁጥሩ ዝቅ ብሎ ሲያገኘው ጣቱን የሚቀስረው ወደ ኪኒኑ ነው። ቫይታሚን ዲ ከኮሌስትሮል ይሠራል ሲባል ሰምቷል፤ ኪኒኑ ደግሞ ሰውነት ኮሌስትሮል እንዳይሠራ የሚከለክል ነው፤ እንግዲያው ቫይታሚኑን ያወረደው ይኸው ኪኒን መሆን አለበት። በዚህ ሐሳብ ተነሥተው ሐኪማቸውን ሳያማክሩ መድኃኒታቸውን የሚያቋርጡ ሰዎች አሉ። መጥፎ የሚባለው ኤልዲኤል ኮሌስትሮል በ1 ሚሊሞል በሊትር፣ በሌላው መለኪያ በ39 ሚሊግራም በዴሲሊትር ገደማ፣ በቀነሰ ቁጥር ድንገተኛ የልብ ሕመምና ስትሮክን የመሳሰሉ አደጋዎች በአንድ አምስተኛ ያህል እንደሚቀንሱ እጅግ ብዙ ሰው ከተሳተፈባቸው ጥናቶች ይታወቃል። ይህን የሚያህል ጥቅም በተሳሳተ ስሌት ማጣት ያሳዝናል።

አጭሩ መልስ፣ ስታቲን ቫይታሚን ዲን አያወርድም የሚል ነው። ኮሌስትሮል ከሚቀንሱ መድኃኒቶች መካከል ግን ሊያወርዱት የሚችሉ አሉ፤ ስለ እነሱ የሚያወራው ሰው ጥቂት ነው። ሁለቱንም በየተራ እንያቸው።

ሰውነት ኮሌስትሮልን የሚሠራው አሴቲል ኮኤ ከተባለ ትንሽ ሞለኪውል ተነሥቶ፣ ወደ ሠላሳ የሚጠጉ የኬሚካል ደረጃዎችን አልፎ ነው። ስታቲኖች የሚይዙት በመስመሩ መጀመሪያ አካባቢ ያለውን ኤችኤምጂ ኮኤ ሪዳክቴዝ የተባለ ኢንዛይም ነው። ከዚያ በኋላ ሜቫሎኔት፣ ስኳሊን፣ ላኖስቴሮል እየተባለ ይወረድና መጨረሻ ላይ 7-ዲሃይድሮኮሌስትሮል ይገኛል። ይህ ሞለኪውል ኮሌስትሮል ለመሆን የቀረው አንድ እርምጃ ብቻ ነው፤ ያንን እርምጃ የሚያስኬደው ዲኤችሲአር7 የተባለው ኢንዛይም ነው።

ቫይታሚን ዲ የሚሠራው ከዚሁ ከ7-ዲሃይድሮኮሌስትሮል እንጂ ከኮሌስትሮል አይደለም። ቆዳ ላይ የሞገድ ርዝመቱ ከ290 እስከ 315 ናኖሜትር የሆነ አልትራቫዮሌት ቢ ጨረር ሲያርፍ፣ በሞለኪውሉ ካሉት አራት ቀለበቶች ሁለተኛው በዘጠነኛውና በአሥረኛው ካርቦን መካከል ይከፈታል። የተከፈተው ሞለኪውል ቅድመ ቫይታሚን ዲ3 ይባላል። ከዚህ በኋላ ጨረር አያስፈልግም፤ የሰውነት ሙቀት በሰዓታት ውስጥ ቅርጹን ያስተካክለውና ቫይታሚን ዲ3 ሆኖ ወደ ደም ይገባል። ጉበት በ25ኛው ካርቦን ላይ አንድ የኦክስጅንና የሃይድሮጅን ጥንድ ይጨምርበታል፤ ላብራቶሪ የሚለካው ይህን ነው። ኩላሊት ሌላ ጥንድ ሲጨምርበት ደግሞ ሥራ የሚሠራው ሆርሞን ይሆናል።

እስከዚህ ድረስ ጠያቂው ልክ ነው ሊባል ይችላል። ወንዝ ከላይ ከተገደበ ታች ያለው ማሳ ሁሉ ውኃ ያጥረዋል፤ ስታቲን ከሁለቱም በላይ ያለውን ደረጃ ከያዘ ኮሌስትሮሉም 7-ዲሃይድሮኮሌስትሮሉም አብረው መቀነስ ነበረባቸው። የማይሆነው ስለምንድን ነው?

አንደኛው ምክንያት ቦታ ነው። የተዋጠ ስታቲን ከአንጀት ወጥቶ መጀመሪያ የሚያገኘው ጉበትን ነው፤ የጉበት ሴሎችም ከደም ስበው የሚያስገቡበት የራሳቸው በር ስላላቸው አብዛኛው እዚያው ይቀራል። ከሲምቫስታቲን በሥራ ላይ ባለ መልኩ ወደ አጠቃላይ የደም ዝውውር የሚደርሰው ከ5 በመቶ በታች ነው፤ ከአቶርቫስታቲን 14 በመቶ ገደማ። ቆዳ ደግሞ የራሱን ኮሌስትሮል እዚያው በራሱ ይሠራል። ጉበት ላይ የሚደርሰው ጫና ቆዳ ላይ በዚያው መጠን አይደርስም።

ሁለተኛው ምክንያት፣ በእኔ እምነት ከሁሉም ጠንካራው፣ የጥሬ ዕቃው ብዛት ነው። ቆዳችን ምንም ያህል ፀሐይ ቢመታው ካለው 7-ዲሃይድሮኮሌስትሮል ወደ ቅድመ ቫይታሚን ዲ የሚለወጠው ከ10 እስከ 15 በመቶ ቢሆን ነው። ከዚያ በላይ ጨረር ሲቀጥል የተሠራው ቅድመ ቫይታሚን ራሱ ሉሚስቴሮልና ታኪስቴሮል ወደተባሉ ሌሎች ሞለኪውሎች ይለወጣል። ከፀሐይ ብቻ በቫይታሚን ዲ የተመረዘ ሰው የማይገኘውም ለዚህ ነው። ሥራውን የሚገድበው ጨረሩ ነው እንጂ ጥሬ ዕቃው አይደለም፤ ስለዚህ ከጥሬ ዕቃው ጥቂት ቢጎድል እንኳ ምርቱ ላይ የሚታይ ነገር አይኖርም። ጥሬ ዕቃውን ከምር የሚቀንሰው ዕድሜ ነው፤ በሰማንያዎቹ ያለ ሰው ቆዳ በሃያዎቹ ካለው ጋር ሲነጻጸር የያዘው ከግማሽ በታች ነው።

ሦስተኛው፣ ሴሎች ዝም ብለው አይቀመጡም። ኢንዛይሙ ሲያዝ ሴሉ ኮሌስትሮል እንዳነሰው ያውቅና ተጨማሪ ኢንዛይም ያመርታል፤ ከደም ኤልዲኤል የሚስቡትን ተቀባዮችም ያበዛል። ስታቲን ደማችንን የሚያጠራው በዋናነት በእነዚህ ተቀባዮች መብዛት ነው። የስታቲን መጠን በእጥፍ ሲጨምር ኤልዲኤል ተጨማሪ 6 በመቶ ገደማ ብቻ የሚወርደውም ሴሉ በየደረጃው ስለሚመልስ ነው።

አራተኛውን ብዙ ጽሑፍ አያነሣውም፤ ቫይታሚኑ በደም ውስጥ በምን ተጭኖ ይሄዳል የሚለው ነው። ቫይታሚን ኢ እና ኮኤንዛይም ኪው10 የሚጓዙት ኤልዲኤልን በመሳሰሉ የስብ ተሸካሚዎች ውስጥ ስለሆነ ኤልዲኤል ሲወርድ በደም ውስጥ የሚለካው መጠናቸውም አብሮ ይወርዳል። በላብራቶሪ የሚለካው የቫይታሚን ዲ ዓይነት ግን በአብዛኛው የሚጓዘው የራሱ በሆነ ፕሮቲን ተጣብቆ ነው። ኤልዲኤል በግማሽ ቢቀንስ ያ ፕሮቲን አይነካም።

ጥናቶቹ ምን አሳዩ

ጥያቄው አዲስ አይደለም። ሎቫስታቲን በ1987 ለሽያጭ ከተፈቀደ በኋላ ብዙም ሳይቆይ ተመራማሪዎች ይህንኑ ሥጋት አንሥተው ነበር፤ ፕራቫስታቲን በሚወስዱ ሰዎች ላይ የተሠራና በ1991 የታተመ ጥናት ቫይታሚን ዲ አለመነካቱን አሳይቷል። ከዚያ በኋላ ነገሩ ወደ ሌላ አቅጣጫ ዞረ። በ2006 አንድ ሐኪም ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ላይ፣ ስታቲኖች ጥቅማቸውን የሚሰጡት ቫይታሚን ዲን መስለው ስለሚሠሩ ይሆን ወይ የሚል መላ ምት አቀረቡ። በ2009 ደግሞ ሮሱቫስታቲን ለስምንት ሳምንት የወሰዱ ሰዎች ቫይታሚን ዲ ከ14 ወደ 36 ናኖግራም በሚሊ ሊትር ገደማ ወጣ የሚል ጥናት ታተመ።

ይህ ቁጥር በብዙ ቦታ እየተጠቀሰ ስታቲን ቫይታሚን ዲን ይጨምራል ወደሚል አባባል ተለውጧል። እኔ አልቀበለውም። በጥናቱ ውስጥ ማስመሰያ፣ ማለትም መድኃኒት የሌለበት ኪኒን የሚወስድ ማነጻጸሪያ ቡድን አልነበረም። ስምንት ሳምንት ወቅት ለመለወጥ የሚበቃ ጊዜ ነው፤ በዚያ ላይ አዲስ መድኃኒት የተጀመረለት ሰው በእግሩ መንቀሳቀስ፣ ከቤት መውጣትና አመጋገቡን ማስተካከልም አብሮ ይጀምራል። ለውጤቱ የሚቀርበው ማብራሪያም ጥርጣሬ ያስነሣል። ስታቲኑና ቫይታሚን ዲ የሚፈርሱት ሲፕ3ኤ4 በተባለው በአንድ የጉበት ኢንዛይም ስለሆነ ስታቲኑ ኢንዛይሙን በራሱ ሥራ ሲያጠምደው ቫይታሚኑ ሳይፈርስ ይቆያል ይባላል። ሮሱቫስታቲን ግን በዚህ ኢንዛይም የሚያልፈው በጣም ጥቂቱ ነው፤ ማብራሪያው ለአቶርቫስታቲን ወይም ለሲምቫስታቲን ቢሆን ይሻል ነበር። በስታቲኖች ላይ የተሠሩትን ጥናቶች አንድ ላይ ያየ ሰው አንዳንዶቹ መጨመር ሲያሳዩ ሌሎቹ ምንም ለውጥ እንዳላሳዩ ያያል። ሰዎች የሚፈሩት ጉልህ መውረድ የለም።

ከዘረመል በኩልም አንድ ጥሩ ማስረጃ አለ። በ2010 የታተመ ሰፊ ጥናት በሰዎች መካከል ያለውን የቫይታሚን ዲ ልዩነት ከየትኞቹ ዘረመሎች ጋር እንደሚያያዝ ሲፈልግ አራት ቦታዎች ጎልተው ወጡ፤ ቫይታሚኑን የሚሸከመው ፕሮቲን፣ ጉበት ላይ የሚለውጠው ኢንዛይም፣ የሚያፈርሰው ኢንዛይም፣ እና ቀደም ብለን ያየነው ዲኤችሲአር7። ስታቲን የሚይዘው ኢንዛይም ዘረመል በእነዚያ መካከል አልነበረም። ቫይታሚን ዲን የሚነካው የመስመሩ መጨረሻ ነው።

ታዲያ ስታቲን የሚወስዱ ሰዎች ብዙ ጊዜ ቫይታሚን ዲያቸው ዝቅ ብሎ የሚገኘው ለምንድን ነው? ስታቲን የሚታዘዝላቸው እነማን እንደሆኑ ማየት ነው። በዕድሜ የገፉ፣ ክብደት የጨመሩ፣ ስኳር ያለባቸው፣ ኩላሊታቸው የደከመ፣ ብዙውን ቀን ቤት ውስጥ የሚያሳልፉ ሰዎች ናቸው። እያንዳንዱ ምክንያት ያለ ኪኒኑም ቫይታሚን ዲን ያወርዳል። በተለይ ክብደት፤ ቫይታሚኑ በሰውነት ስብ ውስጥ ስለሚሰራጭ ያው መጠን በደም ውስጥ ዝቅ ያለ ቁጥር ይሰጣል። ጥቁር ቆዳም አለ፤ ሜላኒን ጨረሩን ስለሚውጠው ያንኑ ያህል ቫይታሚን ለመሥራት ረዘም ያለ ጊዜ ፀሐይ ላይ መሆን ይጠይቃል። በመስኮት መስታወት የሚገባ ፀሐይ አይቆጠርም፤ መስታወት አልትራቫዮሌት ቢን አያሳልፍም። ጥላህ ከቁመትህ ረዝሞ ከታየህ ደግሞ ፀሐዩ ዝቅ ብሏል፤ የሚደርስህ ጨረርም ደካማ ነው።

ቁጥሩን ከማመን በፊት

መድኃኒቱ ከመጀመሩ በፊት የተለካ ቁጥርና ከጀመረ በኋላ የተለካ ቁጥር ሲነጻጸሩ አብዛኛው ስህተት የሚገባው እዚህ ነው። መጀመሪያ መለኪያው ይታይ። አንዳንድ ላብራቶሪ በናኖግራም በሚሊ ሊትር፣ ሌላው በናኖሞል በሊትር ይጽፋል፤ የመጀመሪያውን በ2.5 ማባዛት ሁለተኛውን ይሰጣል። 20 ናኖግራምና 50 ናኖሞል አንድ ናቸው። ከ50 ወደ 22 ወረደብኝ ብሎ የሚደነግጥ ሰው ትንሽም ቢሆን ጨምሮለት ሊሆን ይችላል።

ቀጥሎ የምርመራው ስም። መለካት ያለበት 25-ሃይድሮክሲ ቫይታሚን ዲ ነው። በደም ውስጥ ግማሹ እስኪወገድ ከሁለት እስከ ሦስት ሳምንት ስለሚቆይ የሰውነትን ክምችት በደንብ ያሳያል። 1,25-ዳይሃይድሮክሲ የሚባለው ኩላሊት የሚሠራው ሆርሞን በሰዓታት ውስጥ ስለሚለዋወጥ ለዚህ ጥያቄ አይረዳም። እንዲያውም ያሳስታል፤ ክምችቱ ሲያልቅ የደም ካልሲየምን የሚቆጣጠረው የፓራታይሮይድ ሆርሞን ከፍ ይልና ኩላሊት የቀረችውን ሁሉ ወደ ሆርሞን እንዲለውጥ ይገፋዋል፤ ቁጥሩም ደህና ወይም ከፍ ያለ ሆኖ ይወጣል። የጥያቄ ወረቀቱ ላይ ስሟ በአንድ ቁጥር የምትለየው ይህች ምርመራ ተሳስታ ስትታዘዝ ማየት ብርቅ አይደለም።

ሁለቱ ልኬቶች በአንድ ዓይነት ወቅትና በአንድ ላብራቶሪ ቢደረጉ መልካም ነው። በፀረ እንግዳ አካል የሚለኩ መሣሪያዎች እርስ በርሳቸው ይለያያሉ፤ አንዳንዶቹም ዲ2 የሚባለውን ዓይነት በሙሉ አያነቡም። ለፀጉርና ለጥፍር ተብሎ በሚሊግራም ደረጃ ባዮቲን የሚወስድ ሰው በአንዳንድ መሣሪያዎች የተሳሳተ ውጤት ያገኛል። ደሙ ከመቀዳቱ ጥቂት ቀናት በፊት ማቆምና ለላብራቶሪው መናገር ያስፈልጋል። አዲስ መጠን ከተጀመረ ወይም ከተለወጠ በኋላ ደግሞ ሦስት ወር ሳይሞላ መለካት ትርጉም የለውም፤ ቁጥሩ ገና እየተንቀሳቀሰ ነው።

ስለ ገደቡም ባለሙያዎች አይስማሙም። ከ12 ናኖግራም በታች ጉድለት መሆኑ ብዙ አያከራክርም። 20 ናኖግራም ለአጥንት ለአብዛኛው ሰው ይበቃል የሚለው በ2010 መጨረሻ የአሜሪካ የሕክምና ተቋም የደረሰበት ድምዳሜ ነው። 30 መሆን አለበት ይል የነበረው የኢንዶክራይን ማኅበር መመሪያ በ2024 ሲታደስ ያንን ገደብ ትቶታል። ስለዚህ 24 ወይም 26 የሆነ ቁጥር ለማንም ስታቲን የማቆም ምክንያት ሊሆን አይችልም።

በእርግጥ ቫይታሚን ዲን የሚነኩት

አሁን ወደ ሌላው ወገን እንለፍ። ኮሌስታይራሚን፣ ኮሌስቲፖልና ኮሌሰቨላም የሐሞት አሲድ ያዥ የሚባሉ መድኃኒቶች ናቸው። ወደ ደም አይገቡም፤ አንጀት ውስጥ የሐሞት አሲድን ይዘው ከሰገራ ጋር ይወጣሉ። ጉበት የጎደለውን የሐሞት አሲድ ለመተካት ኮሌስትሮሉን ስለሚጠቀምበት የደሙ ኤልዲኤል ይወርዳል። ነገር ግን የሐሞት አሲድ ሥራው ስብን በውኃ ውስጥ መበተን ነው፤ በስብ የሚሟሟት ቫይታሚን ኤ፣ ዲ፣ ኢ እና ኬ የሚመጠጡትም በእሱ ነው። በብዛትና ለረጅም ጊዜ ሲወሰዱ ቫይታሚኖቹ ሳይመጠጡ ሊያልፉ ይችላሉ። ኮሌስታይራሚን ለረጅም ጊዜ ከተወሰደ በኋላ አጥንት እስከ መለስለስ የደረሱ ሕሙማን በሕክምና ጽሑፎች ተመዝግበዋል።

እነዚህን መድኃኒቶች ከስታቲን ጋር አብሮ የሚወስድ ሰው ሰዓቱን መደልደል አለበት። ኮሌስታይራሚን በከረጢት የሚመጣ ዱቄት ነው፤ ዱቄቱ ሌሎች መድኃኒቶችንም ይይዛል፤ ስለዚህ ሌላው ሁሉ ከኮሌስታይራሚን ቢያንስ 1 ሰዓት በፊት ወይም ከ4 እስከ 6 ሰዓት በኋላ ይወሰዳል። በቀን ሁለት ጊዜ 4 ግራም የታዘዘለትን ሰው እንውሰድ። የመጀመሪያውን ከረጢት ጠዋት 1 ሰዓት ላይ፣ ሁለተኛውን ማታ 1 ሰዓት ላይ ቢጠጣ፣ ከሁለቱም እኩል የራቀው ቀን 7 ሰዓት ነው። ቫይታሚን ዲ ስብ ካለው ምሳ ጋር በዚያ ሰዓት ይዋጣል። አቶርቫስታቲን ወይም ሮሱቫስታቲን ከሆነ እሱም እዚያው ይጠቃለላል፤ የሁለቱ ዕድሜ በደም ውስጥ ረጅም ስለሆነ ማታ መሆን አይጠበቅባቸውም። ሲምቫስታቲን ግን ቶሎ ስለሚያልቅና ጉበት ኮሌስትሮል በብዛት የሚሠራው ሌሊት ስለሆነ ማታ እንዲወሰድ ይመከራል፤ ከማታው ዱቄት ጋር ስለሚጋጭ የዱቄቱን ሰዓት ቀደም ማድረግ ወይም ስታቲኑን መለወጥ ከሐኪም ጋር የሚመከርበት ነው።

ዱቄቱ ደረቁን አይዋጥም፤ ጉሮሮ ላይ አብጦ ሊያንቅ ይችላል። አንዱ ከረጢት ቢያንስ በ60 ሚሊ ሊትር፣ ሻል ሲል በ150 ሚሊ ሊትር ውኃ ይበጠበጣል። አይሟሟም፤ ተንሳፎ ይቆያል። ከተጠጣ በኋላ ብርጭቆው ግድግዳ ላይ የቀረውን በጥቂት ውኃ አለቅልቆ መጠጣት ነው፤ የመድኃኒቱ ከፊል እዚያ ሊቀር ይችላልና።

ሰዓቱን መለየት ቫይታሚኑን በቀጥታ በዱቄቱ ከመያዝ ያድነዋል። የሐሞት አሲዱ ክምችት መቀነሱን ግን አያስተካክልም። ስለዚህ ዱቄቱን ለረጅም ጊዜ የሚወስድ ሰው ቫይታሚን ዲውን በዓመት አንድ ጊዜ ቢያስለካ ተገቢ ነው። ደም እንዳይረጋ የሚያደርገውን ዋርፋሪን የሚወስድ ከሆነ ቫይታሚን ኬም አብሮ ስለሚጎድል የደም መርጋት ምርመራው እንዲጠጋጋ ለሐኪሙ ይናገር። ኮሌሰቨላም በዚህ ረገድ ቀለል ያለ ነው፤ ቢሆንም ቫይታሚኖች ከእሱ 4 ሰዓት ቀድመው እንዲወሰዱ መመሪያው ያዛል።

ሎሚታፓይድ በዘር የሚተላለፍ እጅግ ከፍተኛ ኮሌስትሮል ላለባቸው ጥቂት ሰዎች ብቻ የሚሰጥ ነው። አንጀት ስብ እንዳያሳልፍ ስለሚያደርግ በስብ የሚሟሟ ቫይታሚኖችን መመጠጥም ይቀንሳል፤ ከእሱ ጋር በየቀኑ ቫይታሚን ኢና አስፈላጊ የስብ አሲዶች የሚታዘዙት ለዚህ ነው።

ኢዜቲሚብ መሃል ላይ ነው። አንጀት ላይ የሚዘጋው ኮሌስትሮል የሚያልፍበትን በር ሲሆን፣ በላብራቶሪ ሴሎች ላይ ሲታይ ቫይታሚን ዲም በከፊል በዚያው በር ያልፋል። ሥጋቱ ከወረቀት ላይ ሲታይ ከስታቲኑ የበለጠ አሳማኝ ነው። ሆኖም በሰዎች ላይ ሲለካ ኢዜቲሚብ የቫይታሚን ኤ፣ ዲ እና ኢን የደም መጠን ትርጉም ባለው ሁኔታ አልለወጠም።

የጡንቻ ሕመሙስ?

ስታቲን ከቫይታሚን ዲ ጋር በሌላ በኩልም ይነሣል። ቫይታሚን ዲ ሲጎድል ጡንቻ ይደክማል፤ ስታቲንም ጡንቻን ሊያሳምም ይችላል፤ እንግዲያው ቫይታሚኑን መውሰድ የስታቲኑን ሕመም ይከላከላል የሚል ምክር ተስፋፍቷል። መነሻው ቫይታሚን ተሰጥቷቸው ስታቲኑን እንደገና የሞከሩና በደህና የቀጠሉ ሰዎች ላይ የተሠሩ ጥናቶች ናቸው፤ እነዚያም ማነጻጸሪያ ቡድን አልነበራቸውም።

ማነጻጸሪያ ያለው ጥናት ሲመጣ ነገሩ ተለየ። ቫይታል የተባለው የአሜሪካ ጥናት 25,871 ሰዎችን ይዞ ለግማሾቹ በቀን 2,000 ዩኒት ቫይታሚን ዲ3፣ ለግማሾቹ ማስመሰያ ሰጠ። ከእነዚህ ውስጥ በጥናቱ ጊዜ ስታቲን የጀመሩት 2,083 ነበሩ። የጡንቻ ሕመም የተናገሩት ቫይታሚኑን ከሚወስዱት 31 በመቶ፣ ማስመሰያውን ከሚወስዱት 31 በመቶ ሆኑ። ልዩነት የለም።

ከዚህ ጋር በ2020 የታተመውን ሳምሰን የተባለ ጥናት ማንበብ ይጠቅማል። በጎንዮሽ ጉዳት ምክንያት ስታቲን ያቆሙ 60 ሰዎች አራት ወር አቶርቫስታቲን 20 ሚሊግራም፣ አራት ወር ማስመሰያ፣ አራት ወር ደግሞ ምንም ሳይወስዱ በተዘበራረቀ ቅደም ተከተል እንዲቆዩ ተደረገ። ሕመማቸውን በየቀኑ ከዜሮ እስከ መቶ ሲመዝኑ አማካዩ ያለ ኪኒን 8፣ በማስመሰያው 15.4፣ በስታቲኑ 16.3 ሆነ። ሕመሙ የምር ነበር፤ አብዛኛው ግን ኪኒን እየወሰዱ ከመሆን የመጣ እንጂ ከመድኃኒቱ ኬሚካል አልነበረም። የራሳቸውን ውጤት ካዩ በኋላ ግማሾቹ ወደ ስታቲን ተመለሱ። ቫይታሚን ዲ ወስዶ ስታቲኑ ተስማማኝ የሚለውን ሰው እንዳልዋሸ አምናለሁ፤ የረዳው ግን በተስፋ መሞከሩ ሊሆን ይችላል።

በስታቲን ላይ ሆኖ ጡንቻው የሚታመም ሰው ግን ቫይታሚን ዲውን ማስለካቱ አይከፋም፤ ጉድለቱ በራሱ ሕመም ስለሚያመጣ። ከመቀመጫ ለመነሣት ወይም ደረጃ ለመውጣት መቸገር፣ የቅልጥም አጥንት ሲጫኑት ማመም፣ በደም ውስጥ የአልካላይን ፎስፋቴዝና የፓራታይሮይድ ሆርሞን ከፍ ማለት ወደ ቫይታሚኑ ያመለክታል። ሕመሙ መድኃኒቱ ከተጀመረ ወይም መጠኑ ከተጨመረ በሳምንታት ውስጥ በሁለቱም ጭን ወይም ባት ላይ እኩል ከመጣና ሲቆም ከጠፋ ወደ ስታቲኑ ያደላል። የታይሮይድ ምርመራም አይረሳ፤ የታይሮይድ መድከም ኮሌስትሮልን ከፍ ያደርጋል፣ ጡንቻንም ያሳምማል፣ የስታቲን ጉዳትንም ያባብሳል። ሽንት እንደ ሻይ ከጠቆረ፣ ወይም ጡንቻ ሲጎዳ በደም ውስጥ የሚጨምረው ክሬቲን ካይኔዝ ከላይኛው ገደብ አሥር እጥፍ ካለፈ ግን ስታቲኑ ወዲያው ይቆማል፤ ያኔ ሐኪም ዘንድ የሚኬደው በዚያው ቀን ነው።

ጉድለት ከተገኘ

በስታቲን ላይ ያለ ሰው ጉድለቱን የሚሞላበት መንገድ ከሌላው አይለይም። 40 ዩኒት 1 ማይክሮግራም ነው። ለአዋቂ የሚመከረው የዕለት መጠን 600 ዩኒት፣ ከ70 ዓመት በላይ 800 ነው፤ ያለ ሐኪም ክትትል ከ4,000 ማለፍ አይገባም። በግርድፉ በየቀኑ የሚወሰድ 1,000 ዩኒት ከሦስት ወር በኋላ ቁጥሩን በ10 ናኖግራም ገደማ ከፍ ያደርጋል፤ በጣም ወፍራም ሰው ለዚያው ውጤት ሁለት ሦስት እጥፍ ያስፈልገዋል። ለጉልህ ጉድለት ሐኪሞች ብዙ ጊዜ የሚያዙት 50,000 ዩኒት በሳምንት አንዴ ለስምንት ሳምንት ሲሆን፣ ከዚያ በኋላ ወደ ዕለታዊ መጠን ይወረዳል። ባዶ ሆድ ላይ ከሚወሰድ ከቀኑ ትልቁ ማዕድ ጋር ቢወሰድ በደንብ ይመጠጣል። ቫይታሚን ዲ ሲፕ3ኤ4ን ስለሚያነቃቃ በአንድ ትንሽ ጥናት የአቶርቫስታቲንን የደም መጠን ዝቅ አድርጎ ታይቷል፤ ኤልዲኤሉ ግን አልጨመረም፤ ስለዚህ ሁለቱን በአንድ ሰዓት መዋጥ አያስጨንቅ።

ዓመቱን ሙሉ የሚበቃ ብሎ በአንድ ጊዜ መውሰድ መጥፎ ሐሳብ ነው። በ2010 በታተመ ጥናት በዓመት አንዴ 500,000 ዩኒት የተሰጣቸው ከ70 ዓመት በላይ የሆኑ ሴቶች ማስመሰያውን ከወሰዱት ይልቅ ብዙ ወደቁ፣ አጥንታቸውም ይበልጥ ተሰበረ።

ስታቲን የሚወስዱ ሰዎች ብዙ ጊዜ የደም ግፊትና የልብ መድኃኒትም አብረው ስለሚወስዱ ቫይታሚን ዲ በብዛት ከመጀመራቸው በፊት የመድኃኒት ዝርዝራቸውን ለፋርማሲስቱ ያሳዩ። ሃይድሮክሎሮታያዛይድና ቤተሰቡ ካልሲየም በሽንት እንዳይወጣ ያደርጋሉ፤ ቫይታሚን ዲ ደግሞ ከአንጀት የሚመጠጠውን ካልሲየም ይጨምራል፤ ሁለቱ ሲገናኙ የደም ካልሲየም ሊያሻቅብ ይችላል። የልብ መድኃኒቱን ዳይጎክሲን ለሚወስድ ሰው የካልሲየም መጨመር የልብ ምትን ያዛባል። በእነዚህ ላይ ያለ ሰው ካልሲየሙን ከመጀመሪያው የቫይታሚን መጠን በፊት አንዴ፣ ከአንድ ሁለት ወር በኋላ ደግሞ አንዴ ያስለካ፤ መሃል ላይ ጥማት፣ ሽንት መብዛት፣ የሆድ ድርቀት ወይም ግራ መጋባት ከመጣ ቫይታሚኑን አቁሞ በዚያው ቀን ይመርመር።